የመርከብ ላይ እራት፦ ሬስቶራንቱን እንምረጥ ወይስ ሰዓቱን?

በ7 ሌሊት ጉዞ ውስጥ አንድ ዓይነት ሳልሞን ዓሣ ሁለት ጊዜ አዘዝኩ። የመመገቢያ አዳራሹ ያው፣ ጠረጴዛው ያው፣ አስተናጋጁም ያው ነበር። በመጀመሪያው ቀን ምሽት 2 ሰዓት ላይ የመጣልኝ ጠርዙ ደርቆ፣ በሹካ ስነካው እንደ እንጨት ልጣጭ እየተነሳ፣ ስጎው ላይ ስልባቦት የመሰለ ስስ ሽፋን ጥሎ ነበር። በአራተኛው ቀን መርከቡ ወደብ ላይ አመሸ። አብዛኛው መንገደኛ ከተማ ሲዞር እኔ ደክሞኝ ስለነበር አዳራሹ እንደተከፈተ ወርጄ ያንኑ ሳልሞን አዘዝኩ። ውስጡ እርጥብ፣ ቆዳው ሲነከስ ኩርሽም የሚል ሆኖ መጣ። አስተናጋጁን «ሼፍ ቀየራችሁ እንዴ?» ብዬ ጠየቅኩት። ሳቀና «ሼፉ ያው ነው፤ ዛሬ ወጥ ቤቱ ትንፋሽ አግኝቶ ነው» አለኝ።

ሰው የመዝናኛ መርከብ ምግብን ሲያማ ወይም ሲያሞግስ ብዙውን ጊዜ የኩባንያ ስም ይጠራል። የእነ እገሌ ጥሩ ነው፣ የእነ እገሌ ድሮ ቀረ ይባላል። ውሸት ነው አልልም። ነገር ግን በአንድ መርከብ ውስጥ በሁለት የተለያዩ ሰዓቶች የሚቀርበው ምግብ ልዩነቱ፣ በሁለት ተቀራራቢ ኩባንያዎች መካከል ካለው ልዩነት ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ ከዚህ በታች የማወዳድረው ዋናውን አዳራሽ፣ ቡፌውን፣ ተጨማሪ የሚከፈልበትን ሬስቶራንትና መርከቡን ራሱን ቢሆንም፣ በሁሉም ላይ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ እኔ ባዘዝኩበት ደቂቃ ከዚያ ወጥ ቤት ስንት ሳህን መውጣት አለበት?

ሳህኑ የሚጠብቅበት ቦታ

የብስ ላይ ያለ ሬስቶራንት ደንበኛ የሚገባለት አንድ ሁለት እያለ ነው። መርከብ ላይ እንደዚያ አይደለም። በ2024 ሥራ የጀመረው አይከን ኦፍ ዘ ሲስ የተባለው መርከብ ሲሞላ እስከ 7,600 መንገደኛ ይይዛል። የዚህን ሩብ የምትይዝ መርከብ እንኳ ቋሚ የእራት ሰዓት ካላት፣ መቶዎች በአንድ ጊዜ ተቀምጠው፣ በአንድ ጊዜ አዘው፣ ዋናውን ምግብ በአንድ ጊዜ ይጠብቃሉ።

እዚህ ወጥ ቤት ውስጥ ትእዛዝ ሲመጣ መጥበስ አይጀመርም፤ ቢጀመርም አይደረስም። ካለፉት ጉዞዎች መዝገብ ተነስቶ ምን ያህል ሰው በሬ፣ ምን ያህሉ ዓሣ እንደሚያዝ አስቀድሞ ይገመታል። ሥጋው በብዛት ላይ ላዩ ይጠበስና በእንፋሎትና በሞቃት አየር በሚሠራ ትልቅ ምድጃ ይጨረሳል። ከዚያም ሙቀት በሚይዝ ቁም ሣጥን ውስጥ ሆኖ አስተናጋጁን ይጠብቃል። (ነበልባል ላይ የተጠበሰ ስቴክ የሚናፍቃችሁ ካላችሁ፣ አብዛኞቹ መርከቦች እሳት አደጋን ስለሚፈሩ የሚያበስሉት በኤሌክትሪክ መሆኑን አትርሱ።)

ነገሩ የሚበላሸው እዚያ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል፣ በአጭሩ ሲዲሲ፣ መርከቦችን በሚመረምርበት ደንብ መሠረት ትኩስ ሆኖ የሚቆይ ምግብ ከ57 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች መውረድ የለበትም፤ ቀዝቃዛውም ከ5 ዲግሪ በላይ መውጣት የለበትም። ለጤና ትክክል ነው። ለሳልሞን ግን ቅጣት ነው። ውስጡ ከ50 ዲግሪ ብዙም ሳያልፍ ቢቀርብ የሚጣፍጠው ዓሣ 57 ዲግሪ ላይ ሃያ ደቂቃ ሲቆም መብሰሉን አያቆምም። የዶሮ ደረት፣ ሽሪምፕና «ሚዲየም» (መካከለኛ ብስለት) ተብሎ የታዘዘ ስቴክም ዕጣቸው ያው ነው።

በሌላ በኩል መቆየት የማይጎዳው ምግብ አለ። በስጎ ውስጥ ለሰዓታት የበሰለ የበሬ ጎድን፣ የበግ ጭን፣ ሾርባ፣ ላዛኛ፣ ካሪ እነዚያ ሃያ ደቂቃዎች ምንም አያደርጓቸውም። እኔ አዳራሹ ጢም ባለበት ምሽት ዓሣ አላዝም፤ በስጎ የበሰለውን አያለሁ። አዳራሹ ጭር ሲል ዓሣውንም ስቴኩንም እደፍራለሁ። ከሁሉም የመርከብ ምግብ ምክሮች አንዱን ብቻ ያዙ ብትሉኝ የምሰጣችሁ ይህን ነው። ምናሌውን ከማየታችሁ በፊት ዙሪያችሁን ተመልከቱ።

ሁለተኛው ነገር ቀኑ ነው። የ7 ሌሊት መርከብ አብዛኛውን ስንቁን የሚጭነው መንገደኛ በሚቀያየርበት ቀን ነው። ሰላጣ ቅጠል፣ እንጆሪ፣ የቅመማ ቅጠል የመሳሰለው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ያምራል። በስድስተኛው ቀን ቅጠሉ ጠርዙ ቡናማ ይሆንና ሐብሐብና ጥቅል ጎመን ሳህኑን ይወርሱታል። መሀል መንገድ ላይ የሚጭኑም አሉ፤ ስለዚህ እንደ ሕግ አትያዙት። ግን ሰላጣ ወዳድ ከሆናችሁ ፍቅራችሁን ቀደም ብላችሁ ተወጡ።

ዋናው አዳራሽ፦ ቋሚ ሰዓት ወይስ እንደተመቸ?

በቋሚ ሰዓት የመጀመሪያው ዙር ብዙውን ጊዜ ከምሽቱ 11:30 እስከ 12 ሰዓት ባለው ውስጥ ይጀምራል፤ ሁለተኛው ከ2 እስከ 2:30 አካባቢ። ኖርዌጂያን ክሩዝ ላይን በ2000 «ፍሪስታይል» ብሎ ሰው ባሻው ሰዓት ባሻው አዳራሽ እንዲበላ ካደረገ ወዲህ፣ ሌሎቹም ትልልቅ ኩባንያዎች እንደተመቸ የመብላት አማራጭ በየራሳቸው ስም አስገብተዋል።

ቋሚው ዙር ያለው ጥቅም አስተናጋጁ ነው። በሦስተኛው ምሽት ነጭ ሽንኩርት እንደማትወዱ፣ ቡናችሁን ከጣፋጩ ጋር ሳይሆን ከጣፋጩ በኋላ እንደምትፈልጉ ያውቃል። ከዚያም በላይ «ዛሬ ዳክዬውን ተዉት» የሚል ጥቆማ ይሰጣችኋል። ይህ ጥቆማ ከየትኛውም የተጻፈ ግምገማ ይበልጣል፤ ዳክዬው ሲመለስ ያየው እሱ ነውና። ጉዳቱ ቅድም ያልኩት ነው። ሁሉም ሳህን በአንድ ጊዜ ይወጣል። የመጀመሪያው ዙር ደግሞ ጠረጴዛው ለሁለተኛው መለቀቅ ስላለበት የመጨረሻው ጣፋጭ ጉሮሮ ላይ ቆሞ ነው የምትነሡት። ልጆች ካሏችሁ ግን ሌላውን ሁሉ ትታችሁ ይህንን ያዙ፤ 2:30 ላይ የተራበ ልጅ ይዞ ዋናውን ምግብ መጠበቅ ምን እንደሆነ ያየው ያውቀዋል።

እንደተመቸ የሚለው አማራጭ በወረቀት ላይ ወጥ ቤቱን ያሳርፈዋል፤ ሰው ተበታትኖ ይመጣልና። በተግባር ግን ሰው እርስ በርሱ ይመሳሰላል። ከምሽቱ 1 እስከ 2 ሰዓት ባለው ሁሉም በሩ ላይ ይሰለፋል። ስለዚህ ይህን መርጣችሁ 1:15 ላይ ከሄዳችሁ የሁለቱንም ጉዳት ገዛችሁ ማለት ነው፤ ወረፋውም አለ፣ የሚያውቃችሁ አስተናጋጅም የለም። በሩ እንደተከፈተ ወይም ግርግሩ ካለፈ በኋላ ሂዱ። በመጀመሪያው ምሽት የወደዳችሁትን አስተናጋጅ ስም ይዛችሁ በቀጣዩ ቀን «እሱ ጋ አስቀምጡን» በሉ። አብዛኛውን ጊዜ እሺ ይላሉ።

የእኔ ምርጫ? ሰዓቱን እንዳልኩት ለመጠበቅ ፈቃደኛ ከሆናችሁ እንደተመቸ የሚለው ያሸንፋል። ካልሆናችሁ ቋሚውን ውሰዱ። ዲዝኒ ከመጀመሪያ መርከቡ ከ1998 ጀምሮ የሚሠራበት ሦስተኛ መንገድ አለ፤ መንገደኛው በየምሽቱ አዳራሽ ይቀያይራል፣ አስተናጋጆቹም አብረውት ይዞራሉ። ብልህ ዘዴ ነው፤ ወጥ ቤቱ ላይ የሚያርፈው ጭነት ግን በዚህ አይቀልም።

ቡፌው

ቡፌን የሚንቅ ሰው ብዙ ጊዜ የበላው በተሳሳተ ሰዓት ነው። እንደተከፈተ በመጀመሪያዎቹ ሃያ ደቂቃዎች ያለው ቡፌና ሊዘጋ ሲል ያለው ቡፌ ሁለት የተለያዩ ቤቶች ናቸው። ያው የሲዲሲ ደንብ አንዳንድ ምግቦች ከሙቀት ቁጥጥር ውጭ በሰዓት ቁጥጥር ብቻ እንዲቀመጡ ይፈቅዳል፤ አራት ሰዓት ከቆዩ በኋላ ይጣላሉ። ይህ ማለት ንጹሕና ደንቡን የጠበቀ ሆኖ ግን ሕይወቱ ያለፈ ፒዛ ሊገጥማችሁ ይችላል።

ከቡፌው ሁሉ የማይዋዥቀው ፊታችሁ የሚሠራው ነው። ኦምሌት የሚጠብስ፣ ፓስታ በመጥበሻ የሚያገላብጥ፣ ሥጋ የሚቆርጥ ሰው ካለ ወረፋው ያዋጣል። ትሪ ላይ ያለውን ከወሰዳችሁ አዲስ ትሪ ሲመጣ ጠብቁ። እኔ ሳህን ሳልይዝ አንድ ዙር እዞራለሁ። የቸኮለ ሰው የመጀመሪያው ሰላጣ ላይ ሳህኑን ይሞላና ሲያበቃ ጥግ ላይ የሚቆረጠውን የበግ ሥጋ አይቶ ይቆጨዋል።

ቡፌ ከሚከፋበት ጊዜ ሁሉ የሚብሰው የመሳፈሪያው ቀን ምሳ ነው። ካቢኖች ገና አልተዘጋጁም፤ ሺዎች ሻንጣቸውን እየጎተቱ ወደ አንድ ዴክ (የመርከብ ፎቅ) ይወጣሉ። ብዙ መርከቦች ግን በዚያው ሰዓት ዋናውን አዳራሽ ወይም ሌላ አነስ ያለ ቦታ ለምሳ ይከፍታሉ፤ የሚያውቀው ስለሌለ ጭር ይላል። ስትሳፈሩ የመጀመሪያ ጥያቄያችሁ «ለምሳ ሌላ ምን ክፍት ነው?» ይሁን።

የሆድ ሕመም ሲበዛ መርከቡ የቡፌውን መጨለፊያ ከመንገደኛው እጅ ወስዶ ለሠራተኛ ይሰጣል። ያን ጊዜ ወረፋው ይረዝማል፤ ለምን ብላችሁ አትቆጡ።

ተጨማሪ የሚከፈልበት ሬስቶራንት

እዚህ ላይ ነው ሰው ገንዘቡን የሚያባክነው፤ ስለዚህ ዘርዘር ላድርገው።

እነዚህ ሬስቶራንቶች የተሻለ የሚያበስሉት ብዙውን ጊዜ ሼፉ የተለየ ስለሆነ ሳይሆን ወንበሩ ትንሽ ስለሆነ ነው። ብዙዎቹ ከመቶ ብዙም የማይበልጥ ሰው ያስተናግዳሉ፤ እንግዳው በቀጠሮ ይገባል፤ ስቴኩም እናንተ ካዘዛችሁ በኋላ ይጠበሳል። ቁም ሣጥኑ ከመሀል ወጣ ማለት ነው። ልዩነቱ ትልቅ የሚሆነውም ቁም ሣጥኑ በሚጎዳው ምግብ ላይ ነው። በዚህ መለኪያ ስቴክ ቤት ገንዘቡን ያስመልሳል። ጠባሹ ፊታችሁ ቆሞ የሚጠብስበት የጃፓን ጠረጴዛ እንዲሁ። ጣልያን ሬስቶራንት ግን ብዙ ጊዜ አያሳምነኝም፤ ፓስታውን ዋናው አዳራሽም ከሞላ ጎደል በዚያው ጥራት ያቀርበዋል፣ የምትከፍሉት ለጸጥታውና ለጠረጴዛ ልብሱ ነው። እሱም አንዳንድ ምሽት ዋጋ አለው፤ ስትከፍሉ ግን እያወቃችሁ ክፈሉ።

ሒሳቡን እንሥራ። አንድ ሰው 45 ዶላር በሚከፍልበት ቤት ሁለት ሰው ሦስት ምሽት ቢበላ 270 ዶላር ነው። በብዙ መርከቦች ላይ 18 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ይጨመራል፤ 20 በመቶ የሚያስከፍሉም አሉ። በ18 በመቶ 318 ዶላር ከ60 ሳንቲም ደረሰ። መጠጡ ገና አልተነካም። ይህን ያህል ለመክፈል ካሰባችሁ ትኬት ስትገዙ ሁሉም ሬስቶራንት የሚካተትበትን መርከብ ዋጋ ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ እዩ፤ ልዩነቱ ካሰባችሁት ሊጠብብ ይችላል።

የብዙ ምሽት እራት በአንድ ጥቅል የሚሸጡላችሁ ሰዎች የማይነግሯችሁ ነገር አለ። ጥቅሉ ብዙ ሲሸጥ ትንሿ ሬስቶራንት ትሞላለች፤ ስትሞላ እሷም እንደ ዋናው አዳራሽ መቻኮል ትጀምራለች። ከጉዞው በፊት አምስት እራት በአንድ ላይ አትግዙ። አንድ ምሽት ሞክሩ፣ የመጀመሪያው ምሽት ላይ ቅናሽ የሚያደርጉ ስላሉ ጠይቁ፤ ቀኑን ሙሉ ባሕር ላይ በሚዋልበት ቀን ለምሳ የሚከፍቱ ካሉ ደግሞ ያው ወጥ ቤት ባነሰ ዋጋ ይገኛል። ሰው ሁሉ ዘንጦ በሚወጣበት ምሽት ግን ዋናው አዳራሽ ሎብስተር የሚያወጣ ከሆነ እዚያ ሁኑ። ሎብስተሩ በጅምላ የተሠራ ስለሆነ ብዙም አትጠብቁ፤ ግን ተከፍሎበታል።

መዋኛ ገንዳ ዳር ያለው የበርገርና የታኮ መስኮት አጭር ነገር ነው፤ ሥራው አንድ፣ ምናሌው አጭር፣ ጠባሹ ፊታችሁ ነው። ከዋናው እራት ይልቅ እሱ የማይዋዥቅበት መርከብ አይቻለሁ። ካቢን ድረስ የሚመጣ ምግብ ግን ሊፍትና ረጅም ኮሪደር አቋርጦ ስለሚመጣ ቀዝቃዛ ሳንድዊችና ፍራፍሬ እዘዙ እንጂ የተጠበሰ ድንች አትመኙ።

መርከቡን ራሱን ስትመርጡ

ገና ትኬት ያልቆረጣችሁ ከሆነ ምርጫው ይሰፋል። ትንሽ መርከብ በአንድ ደቂቃ የሚያወጣው ሳህን ያነሰ ነው። የቫይኪንግ የባሕር መርከቦች 930 ያህል መንገደኛ ይይዛሉ፤ ኦሽንያ በ2011 ያስገባችው ማሪና 1,250 ያህል። ሁለቱም ኩባንያዎች ለልዩ ሬስቶራንቶቻቸው ተጨማሪ አያስከፍሉም። ነጻ ነው ማለት ግን አይደለም፤ ትኬቱ ውስጥ ተከፍሏል።

ቨርጂን ቮየጅስ ሌላ መንገድ ይዟል። ቡፌም አንድ ትልቅ ዋና አዳራሽም የለውም፤ መንገደኛውን በብዙ ትናንሽ ሬስቶራንቶች በታትኖ ያበላል፣ ዋጋውም ተካቷል። ቅድም ያልኩት የሳህን ብዛት ጥያቄ በግንባታው ላይ ተመልሷል ማለት ነው። ግን አዋቂዎችን ብቻ ነው የሚያሳፍረው፤ ቤተሰብ ይዞ የሚጓዝ ሰው ከዝርዝሩ ይሰርዘው።

ከ2004 ጀምሮ የምትጓዘው ኩዊን ሜሪ 2 ላይ ደግሞ እራት የሚመረጠው ካቢን ሲገዛ ነው። ከፍ ያለውን ካቢን የያዙት ኩዊንስ ግሪልና ፕሪንሰስ ግሪል በተባሉ አዳራሾች፣ ሌላው አብዛኛው መንገደኛ ብሪታኒያ በተባለው አዳራሽ ይመገባል። ትንሹ አዳራሽ የማን እንደሆነ መገመት አያቅታችሁም።

ትልቅ መርከብ መጥፎ ነው አልልም። ሃያና ከዚያ በላይ የመመገቢያ ቦታ ያላቸው ግዙፎቹ መርከቦች ምግባቸው ካልጣማችሁ ሌላ በር የመክፈት ዕድል ይሰጧችኋል። ትንሿ መርከብ ላይ ሼፉ ካልተዋጣለት ለሳምንት አብራችሁት ናችሁ።

ስለ ንጽሕና አንድ ነገር። የአሜሪካን ወደቦች ከውጭ ወደቦች ጋር የሚያገናኙ መርከቦችን ሲዲሲ ሳያስጠነቅቅ ይመረምራል፤ ከ100 ነጥብ 86ና ከዚያ በላይ ያገኘ ያልፋል፤ ውጤቱም ለሕዝብ ይፋ ነው። ከመግዛታችሁ በፊት እዩት። ግን ነጥቡ የሚናገረው ስለ ማቀዝቀዣው፣ ስለ እጅ መታጠቢያው፣ ስለ ውኃው እንጂ ስለ ጣዕም አይደለም። 100 ያገኘ መርከብ እንጨት የሆነ ዶሮ ቢያቀርብላችሁ ሁለቱም እውነት ናቸው።

ሳህኑ ቢበላሽስ?

ብዙ ሰው ዝም ብሎ በልቶ፣ ቤቱ ገብቶ ነው የሚያማርረው። እዚያው ተናገሩ፤ በመጀመሪያው ምሽት፣ ለአስተናጋጁ ወይም አዳራሹን ለሚቆጣጠረው ኃላፊ። «አልወደድኩትም» አትበሉ፤ ምን እንደሆነ ንገሩ። «ቀዝቅዟል»፣ «ሚዲየም ብዬ አዝዤ ውስጡ ግራጫ ሆኗል» ሲባል ወጥ ቤቱ የሚያስተካክለው ነገር ያገኛል። ሲመልሱት ያንኑ ሥጋ መልሰው እንዳያሞቁት «አዲስ ይሠራልኝ» በሉ፤ በትሕትና፣ ድምፅ ሳታሰሙ። አስተናጋጁ ሳህኑን አላበሰለውም።

እኔም ያን የመጀመሪያ ምሽት ሳልሞን መልሼው ነበር። ትንሽ አፍሬ፣ ጠረጴዛው ላይ ያሉት ሁሉ ሲበሉ ባዶ ሳህን ፊት ተቀምጬ ጠበቅኩ። ሁለተኛው ከቁም ሣጥን ሳይሆን ከመጥበሻው በቀጥታ ነበር የመጣው። ተስገብግቤ ስጎርሰው ምላሴን አቃጠለኝ።